ዘር የምንቆጥረው ለርስት ነው ወይስ ለጋብቻ?

የዘመዳሞች ማኅበራችን ሰሞኑን ትልቅ ሥራ ይዟል። ከአዛውንቶች አፍ የተለቀመውን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ላይ እያስገባን ነው። ገሚሱ ዘመድ መንዝ ነው፣ ገሚሱ ደብረ ብርሃን፣ የቀረው አዲስ አበባና ውጭ አገር ተበትኗል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገረው ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን በዚህ የተነሳ ለሁለት ተከፍሏል።

ጠቡ የተነሳው በአንዲት አክስት ነው። ያደገችው አያታችን ቤት ነው። እናቷ የቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። አባቷ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ መልኳም አይደብቅም። አንድ አጎታችን ግን፣ «እሷ የቤት ልጅ ናት እንጂ ከሐረጉ የለችበትም» ብለው ጻፉ። ስንቱ አንብቦ ዝም አለ! እኔ ትግባ ከሚሉት ወገን ነኝ።

በእኛ አገር ዘር በዋናነት የሚቆጠረው ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ ለርስትና ለጋብቻ። ለርስት ሲሆን ሰው ወደ አቅኚው አባት ይቆጥራል። ላሎ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ጌራ ምድር የተባሉት የመንዝ አገሮች ስማቸውን ያገኙት ከሦስት አባቶች ነው ይባላል። ከአቅኚው መወለዱን ያስረዳ ሰው፣ በእናቱም ይሁን በአባቱ፣ መሬት መጠየቅ ይችላል። መሬቱን የያዘው ደግሞ «አናውቅህም» ማለት ይጠቅመዋል። አንድ ስም በገባ ቁጥር ከማሳው ይቆረሳላ! እንዲህ እንዲህ እያለ የገረድ ልጅ፣ ርቃ የተዳረች፣ አገር ጥሎ የሄደ ሁሉ ቀስ በቀስ ከአፍ ይጠፋል።

ለጋብቻ ሲቆጠር ነገሩ ይገለበጣል። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ መጋባት የለም። እዚህ ላይ ሰው መዝለል አደጋ ነው። የዘለልከው ሰው የልጅ ልጅ ነገ ለልጅህ ሊታጭ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲመጣ ዲቃላ፣ ገረድ የሚባል ምርጫ የለም፤ ደም ደም ነው። ሰባት ቤት መውጣትም ቀልድ አይደለም። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልክ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ትደርሳለህ። ሲደመር 254 ነው፤ ያውም ወደ ጎን ሳትቆጥር። ከእነዚህ እኩሌታዎቹ ሴቶች ናቸው። የእኛ መዝገብ ግን እስካሁን ወንድ ከወንድ ነው የሚወርደው። የአባቱን አያት እናት ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ!

እኔ የምለው መዝገባችን እንደ ጋብቻው ይቆጠር ነው። ርስቱማ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አክትሟል። የሚቆረስ ማሳ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት አላቸው ይላል። ታዲያ አጎታችን ምኑን ነው የሚጠብቁት? ክብርን እንደሆነ ይገባኛል። ግን ነውር ካለ የጌታው ነው እንጂ የልጂቱ አይደለም። ደግሞስ ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ እሷን ራሷን የጠየቀ የለም። ግሩፑ ውስጥ እንኳ አላስገባናትም። አባቷ በስም ይጻፍ አይጻፍ የምትወስነው እሷ ናት።

በሥጋ የማይዛመዱትስ? እነሱም ይግቡ። የማደጎ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ እንደ እናት ሆና ያሳደገች ሞግዚት። ፕሮግራሙ ዝምድናው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚመረጥበት ቦታ አለው፤ እሱን በትክክል መሙላት ነው። ለማደጎ ልጅ የወለዱትም ያሳደጉትም ይጻፉ። የቤተሰብ ሕጉም ቢሆን ልጁን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል እንጂ ከወለዱት አይቆርጠውም። የወለዱት ካልተጻፉ ደግሞ ሰባት ቤቱ ይፋለሳል።

ወሰን ግን ያስፈልጋል። አማት የአማት አማት እያልን ከገባን መርሐቤቴን ጨርሰን ቡልጋ እንገኛለን። ለእኔ የትዳር ጓደኛና ወላጆቹ ገብተው እዚያ ላይ ቢቆም ይበቃል። ለልጆቹ መነሻ ይሆናቸዋል፤ የቀረውን የወዲያኛው ቤተሰብ ይቁጠር።

በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ ስስታም ነኝ። ስምና የወላጆች ስም፣ በቃ። ቀበሌ፣ ስልክ፣ ሥራ፣ የትውልድ ቀን አይግባ። ዘመኑ የታወቀ ነው። ሰው ከነዘር ማንዘሩና ከነመኖሪያው የተዘረዘረበት ፋይል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃዱ መበተን በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። «እኔን አታስገቡኝ» ያለም ይከበርለት፤ ቦታው «በሕይወት ያለ» ተብሎ ያለ ስም ይቀመጥ።

ፋይሉን ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዷ ከመንዝ። ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቅርንጫፍ በወረቀት ታትሞ በማኅበሩ ቀን ይውሰድ። ስህተት ያየ በእስክሪብቶ አርሞ ለሚቀጥለው ማኅበር ይዞ ይምጣ።