ሶር ፏፏቴ በመስከረም?
«ሶርን ለማየት ትክክለኛው ጊዜ መስከረም ነው» በሚለው አልስማማም። ፏፏቴው ያለበት ኢሉባቦር እኮ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ የሚጠራበት አገር አይደለም፤ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይገፋል። እኔ በመስከረም አጋማሽ ሄጄ፣ ወደ 100 ሜትር ከሚጠጋ ገደል የሚወረወረውን ውሃ በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ ጉሙና የውሃው ብናኝ ጋርደውታል። መኪናው በቾ የምትባለው መንደር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በጫካው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው ሲያንሸራትተኝ አፈፍ ያደረግሁት ቅጠል ሳማ ሆኖ እጄን እስከ ማታ ሲለበልበኝ ዋለ። በታኅሣሥ ተመልሼ ስሄድ ግን መንገዱ ደርቋል፣ ቡናው በየደጁ ተሰጥቷል፣ ጉሬዛዎቹ ከራሳችን በላይ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራሉ። ውሃው ቀንሷል፤ ቢሆንም ከአናቱ እስከ ግርጌው ወለል ብሎ ታየኝ። «የስድስት ዓመት ልጅ ይዤ ልሂድ?» ብለው ለጠየቁት እናት፦ መንገዱ ሲደርቅ መውረዱ አያስቸግርም፣ ፈተናው መውጣቱ ነው። ከበቾ መንገዱን የሚያውቅ ወጣት ይያዙ፤ ሲመለሱ ልጁን የሚያዝለው እሱ ነው።