አበባው የሚታይ ቡና

ጀርመኖች አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ቃል ፍለጋ አይደክሙም። ያሏቸውን ሁለት ሦስት ቃላት አጋብተው ይገላገላሉ። ከነዚህ ጋብቻዎች እኔ የምወደው የሳክሶኒዎቹን (ሳክሶኒ የጀርመን አንድ ግዛት ነው) «ብሉምሸንካፌ» ነው። ብሉምሸን ማለት ትንንሽ አበባ፣ ካፌ ማለት ቡና። ሲሰሙት ሽቶ ሽቶ የሚል ነገር ይመስላል። ስድብ ነው።

የስድቡ መነሻ ወርቅ ነው ቢባል ማን ያምናል? የሳክሶኒው ገዢ አውጉስት፣ ቦትገር የተባለ ወጣት «ወርቅ እሠራለሁ» ብሎ ጉራ ሲነዛ ሰማና ዘብ አቁሞበት «በል ሥራ» አለው። ወርቁን ውሃ በላው። በ1708 ግን (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ቺርንሃውስ ከተባለ ሊቅ ጋር ሲማስኑ የፖርሰሊን፣ የነጩ የሲኒ ሸክላ፣ አሠራር ለአውሮፓ ተገኘ። በ1710 ማይሰን ከተማ ላይ ፋብሪካ ቆመ። ቆይቶም ሲኒው በአበባ ያጌጥ ጀመር።

ታዲያ አበባው ሲኒው ውስጥ፣ ከታች ነው የሚሳለው። ቡናው ወፍራም ከሆነ አበባውን የሚያዩት ጨልጠው ሲጨርሱ ነው። ባለቤቲቱ ቆጥባ ከሆነ ግን ገና ሲቀዳ አበባው ከታች ሆኖ ያፈጥብዎታል። ከዚህም የባሰ አለ። የማይሰን ምልክት ሁለት የተጠላለፉ ሰማያዊ ሰይፎች ናቸው፤ ያሉት ደግሞ ከሲኒው ቂጥ፣ በውጭ በኩል። ቡናው እነሱን ሳይቀር ካሳየ «ሽቬርተርካፌ» ይባላል፤ የሰይፍ ቡና። ሐሜተኛ እንዲህ ነው፣ ሸክላ ሰንጥቆ ያያል!

በርግጥ ቡና ያኔ ውድ ነበር። ጎረቤት ፕሩሲያ ውስጥ ንጉሥ ፍሬድሪክ በ1781 ቡና መቁላትን በመንግሥት እጅ አደረገና ጡረተኛ ወታደሮችን በየሰፈሩ አሰማራ። ሥራቸው በድብቅ የሚቆላ ቡና ማሽተት ነው። ስማቸውም ያው ጋብቻ ነው፦ «ካፌሪሸር»፣ ቡና አሽታች። እኛ ሰፈር ይህን ሥራ ጎረቤት ያለ ደመወዝ ይሠራዋል።

የገረመኝ ስሙ ነው። እነሱ በቀጠነ ቡና ተሳደቡበት። እኛ አቦል ጠጥተን፣ ቶና ደግመን፣ ሦስተኛው ላይ የጀበናው ውሃ ሲገረጣ «በረካ» እንለዋለን። ባለፈው እሑድ የእናቴ ጎረቤት ቤት ጭራሽ በረካውን አልፈን አራተኛ ተቀዳልን። ስም እንኳ የለውም።

«ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ምነው አፈጠጥክበት?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የሲኒዬን ታች እያየሁ ነበር። ደግነቱ የኛ ሲኒ አበባው በውጭ ነው።