ክላሲካል ሲሰማ «ማን ሞተ?» ማለትን ያስለመደን ሬዲዮ ነው

እዚህ ሐዋሳ የእሁድ ማታው የክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራም መቆሙን ሰምታችኋል። ሰዓቱ ለአውሮፓ እግር ኳስ ወሬ ተሰጥቷል። አንጋፋው አዘጋጅም «እናመሰግናለን» ተብለው ተሸኝተዋል። በዚህ ቢያበቃ ተበሳጭቼ ዝም እል ነበር። የጣቢያው ኃላፊ የሰጡት ምክንያት ግን ዝም አያሰኝም። «ክላሲካል ባህላችን አይደለም። ደግሞ ሰው ሲሰማው ለቅሶ ይመስለዋል» ነው ያሉት።

ከለቅሶው ልጀምር። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ሬዲዮ ላይ ቫዮሊን ሲሰማ «ማን ሞተ?» ይላል። ይህን ማን አስለመደው? ራሱ ሬዲዮ! ትልቅ ሰው ባረፈ ቁጥር መደበኛው ፕሮግራም ይቋረጣል፤ ቃል የሌለው ቀዝቃዛ ሙዚቃ ይለቀቃል። ሕዝቡ መርዶውን ከዜናው በፊት ከሙዚቃው ይረዳል። ጆሯችንን እንዲህ ያበላሸው ሬዲዮ ነው። አንጋፋው አዘጋጅ ደግሞ በዚያው በሬዲዮ ሊያቃኑት ለዓመታት ደከሙ። በሠርግ ሰሞን ቫልስ የተባለውን የስትራውስን የዳንስ ሙዚቃ ከፈቱ። በክረምት ቪቫልዲ በቫዮሊን ያስጮኻቸውን ወፎችና ያንጎዳጎደውን ነጎድጓድ እየለዩ አሰሙን። መድኃኒት የያዘውን ሰው በሽታው አለ ብሎ ማባረር ምን ዓይነት አስተዳደር ነው?

«ባህላችን አይደለም» የሚለው ደግሞ ይባስ። የእንግሊዝ ክለቦች የዝውውር ወሬስ ከየት ነው የሚመጣው? ባህሉን የሚጠየቀው ቫዮሊን ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የባህል አይደለም። አሸናፊ ከበደ የእረኛን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር ያገናኘ ኢትዮጵያዊ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሱ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላ በፒያኖ የደረሱትን ዓለም ሰማው። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ የውጭ ጋዜጦች በሰፊው ጻፉላቸው። ከተማችን ውስጥ ሙሉ ሰዓት የሰጧቸው ግን እኚሁ አዘጋጅ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ እሁድ ፕሮግራሙን በዶርዜ ዘፈን ጀመሩ። የሰማው ያውቀዋል። አንዱ ያወጣል። ሌላው በራሱ መንገድ ይገባል። አንዱ ከላይ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዛሉ። ሁሉም የየራሱን ይላል፣ ግን አይጋጩም። ዘፈኑ ሲያልቅ ፉግ የተባለውን የሙዚቃ ደራሲውን የባክን ድርሰት አስከተሉ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሚሰማ ነገሩን። አንድ ድምፅ ዜማውን ብቻውን ይጀምራል። ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ይዞ ሲገባ የመጀመሪያው አያቆምም፣ ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሦስተኛው ይጨመራል። አጃቢ የሚባል የለም፣ ሁሉም ዋና ነው። «አንዱን ድምፅ ምረጡና እስከ መጨረሻው ተከተሉት» አሉን። ተከተልኩት። ያን ማታ ባክ ገባኝ።

ባክ በ1750 እ.ኤ.አ. የሞተ ጀርመናዊ ነው። ስለ ዶርዜ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሁለቱ ሙዚቃዎች አንድ ናቸው ማለቴም አይደለም። የሚፈልጉት ጆሮ ግን አንድ ነው፤ ብዙ ድምፅ እኩል የሚከተል ጆሮ። በአብዛኛው ዘፈናችን አንድ ዜማ ይመራል፣ የቀረው ያጅባል። በብዙ ድምፅ መዝፈን ሥር የሰደደው ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ በአገሪቱ ውስጥ ባክ የሚሰማበት ከተማ ምረጥ ብባል ሐዋሳን እመርጣለሁ። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ መዘምራን መካከል ያደገ ወጣት፣ ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። እንግዳ ነህ እያለ የሚያርቀው ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነው።

«ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ የለ?» የሚሉም አሉ። ሙዚቃውማ አለ። ዶርዜንና ባክን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአማርኛ የሚያስረዳህ ግን የለም። የእኚህ ሰው ሥራ ሲዲ መክፈት አልነበረም። በየሳምንቱ ያነብባሉ፣ በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ከጻፉት ላይ ቀንሰው ያወራሉ። ለጋዜጣ የጻፏቸው መጣጥፎችም ከዚያው የተቀዱ ናቸው። በአማርኛ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ተርታው ሰው እንዲገባው አድርጎ የጻፈ ስንት ሰው አለን?

ስፖንሰር አልተገኘም ተብሏል። ጣቢያው ደመወዝ እንደሚከፍል አውቃለሁ። ሆኖም ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። ከዚያ ውስጥ አንዷን ያለ ማስታወቂያ መሸከም ያቃተው ጣቢያ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ባክ ላይ አያላክክ።

ሰዓቱ ይመለስ። እግር ኳሱ ሌላ ሰዓት አያጣም። እስከዚያው ደግሞ ጣቢያው አንድ ነገር በግልጽ ይንገረን፤ የእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቅጂዎች የት ናቸው? በላያቸው ላይ ሌላ ነገር ከመቀዳቱ በፊት ለአዘጋጁ ይሰጧቸው።