የብር ዋሽንት
እሑድ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ከምናዘወትራት ቡና ቤት ተቀምጠን ነበር። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ፣ ጡረታ የወጡት የሙዚቃ አስተማሪ ስልካቸውን ከፍተው አንድ ሙዚቃ አሰሙን። ኦርኬስትራው ከኋላ ሆኖ ፍሉት፣ ያ የፈረንጆቹ የብር ዋሽንት፣ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ጆሮ ሲገባ እንግዳ አይመስልም። የሙዚቃ ደራሲው የአሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ዋሽንት ነፊ ነው። ልጅ ሆኖ ጎጃም ገጠር ከብት እየጠበቀ ተምሮ፣ ዛሬ በሠርግና በባህል ምሽት ይነፋል። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማና «ሙዚቃው ጥሩ ነው፤ እረኛው ግን የለበትም» አለ።

«እንዴት የለበትም? ስሙ ራሱ እረኛው ነው» አሉ አስተማሪው።

«ስሙማ አለ፣ ጋሼ። ዋሽንት ሸምበቆ ነው፤ አራት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን የሚሞላው ከንፈርና ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል። እርስዎ ያሰሙን ግን ታጥቦ የተሰጣ ነው።»

አስተማሪው እንዲህ ሲነኳቸው ወደ ታሪክ ይገባሉ (ዓመት የሚጠሩትም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ልማዳቸው ነው)። አሸናፊ በ1938 አዲስ አበባ ተወለደ፤ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ተመልሶም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። በ1967 ይህንኑ ሥራውን በሀንጋሪ ኦርኬስትራ ራሱ እየመራ አስጫወተ። «ጥቁሩ ኮዳይ» ተባለ። ኮዳይ ማለት ከሙያ ባልደረባው ከባርቶክ ጋር በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዜማ የሰበሰበ የሀንጋሪ ሙዚቃ ደራሲ ነው። «የእነሱም ጥንታዊ የገጠር ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው» አሉ። «ለዚህ ነው የአሸናፊ እረኛ ለሀንጋሪዎቹ ባዳ ያልሆነባቸው።»

«እንግዲያውስ የእነሱ እረኛ ነዋ!» አለ ዋሽንት ነፊው። ሳቅን። አስተማሪው ግን አልሳቁም።

«እሺ፣ አንተን ኦርኬስትራ መካከል እናስቀምጥህ። ዜማው ከአንዱ መነሻ ድምፅ ወደ ሌላው ቢዛወር ምን ትሆናለህ?»

«ሌላ ዋሽንት አወጣለሁ።»

«ደግሞ ቢዛወርስ?»

«ሦስተኛ አወጣለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ዋሽንት ነፊ አጭርና ረጅም እያደረገ የቆረጣቸውን ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ነው የሚሄደው። አስተማሪው ግን ስድሳ ሰው ቆሞ አንድ ሰው ከረጢቱን ሲበረብር ታያቸው መሰለኝ፣ ያን ጊዜ ሳቁ።

ዋሽንት ነፊው በዚህ አልተረታም። «ሲጀመር ዜማን ወረቀት ላይ ማሰር የፈረንጅ ነገር ነው» አለ። እስካሁን ዝም ብለው ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩት መሪጌታ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እሱን እንኳ ተው። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ የዜማ ምልክት አበጅተውለታል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያልን የተማርነው ወረቀት ላይ አይደለም እንዴ? ብራና ነው ካልከኝ ብራና ይሁንልህ።» ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «ግን ምልክቱን ያየ ሁሉ አያዜመውም። ድርሳን አይደለም አንብበህ የምትጨርሰው። ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጠህ በቃል ከተቀበልከው በኋላ ነው ምልክቱ የሚያስታውስህ። ያልሰማኸውን አያስተምርህም።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይገባው ነበር፤ አላበቃም። ፍሉት ይሻላል፣ ዋሽንት ይሻላል ሲባባሉ በረካው ደረሰ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጀበናውን ይዛ ቆማ «ይህን ሙዚቃ እዚህ ማን ተጫውቶት ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። አስተማሪው እዚህ ከተማ ሲጫወቱት ሰምተው አያውቁም። አሸናፊም ኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ፣ በ1971 የዶክትሬት ትምህርቱን ጨርሶ፣ በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ1998 እዚያው አረፈ።

እኔ የማደላው ለመሪጌታው ነው፤ እሳቸው ስለ ድጓ እንጂ ስለ አሸናፊ ባይናገሩም። የሀንጋሪው ፍሉት ተጫዋች የተጻፈለትን ተጫውቷል፤ ያልተጻፈውን፣ ያንን የትንፋሽ ነገር፣ ከማን ሰምቶ ያመጣዋል? ዋሽንት ነፊው ጉድለቱን በትክክል ሰምቷል፤ መድኃኒቱን ነው የሳተው። ብሩን በሸምበቆ መለወጥ አያስፈልግም። አሸናፊ ሸምበቆውን ቢፈልግማ ኦርኬስትራ ምን አስጠራው? የጎደለው በሸምበቆ ያደገ ጆሮ ይዞ ብሩን የሚነፋ ሰው ነው።

ስለዚህ አስተማሪው ቤታቸው ሳጥን ውስጥ የተኛውን ፍሉት ለዋሽንት ነፊው ለአንድ ወር ያውሱት ብዬ ፈረድሁ። እሳቸው ይሰብርብኛል ብለው ይፈራሉ፤ እሱ ደግሞ «ቁልፉ በዛ፣ እንደ ሱሪ ቁልፍ መዝጋትና መክፈት ሊሆን ነው» ይላል። በመጪው እሑድም ይህንኑ እላቸዋለሁ።