ኮድ ስናስተካክል ኤዲተሩ ምን እያየ ነው?

ፕሮግራመሮች ስለ ኤዲተር፣ ማለትም ኮድ ስለሚጽፉበት ፕሮግራም፣ ሲከራከሩ ጥያቄው ሁልጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ነው። ቪአይና ኢማክስ የተባሉት ኤዲተሮች በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተጀምረው ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በ2015 ቪኤስ ኮድ ሲታከልበት ይባስ ተጋጋለ። በእኔ እምነት ጥያቄው ያረፈው ያለቦታው ነው። ኮድ የሚበላሸው የኤዲተሩ ስም ይህ ወይም ያ በመሆኑ ሳይሆን፣ የምንሰጠው ትእዛዝ ፋይሉን እንዴት እንደሚያየው ሳናውቅ ስናዝዝ ነው። አንዳንዱ ትእዛዝ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። ሌላው የቋንቋውን ሰዋስው ያያል። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ስም የት እንደተፈጠረና የት እንደተጠራ ያውቃል። ሦስቱም በአንድ ሜኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በመልክ አይለዩም።

«ፈልግና ተካ»ን እንውሰድ። ካውንት የተባለ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ስሙ ወደ ቶታል ይቀየር ተባለ። ትእዛዙ የሚያየው ተከታትለው የተጻፉ ፊደላትን ብቻ ስለሆነ አካውንት የነበረው አቶታል፣ ዲስካውንት የነበረው ዲስቶታል ይሆናል። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ምርጫ ማብራት ይህን ስሕተት ያስቀራል፤ ከዚህ የሚብሰውን ግን አያስቀርም። በሌላ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ካውንት ይኖራል። ለተጠቃሚ በሚታይ መልእክት ውስጥም ይኖራል። በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል በተጻፈ ጥያቄ ውስጥ ደግሞ ካውንት የቋንቋው የራሱ ፈንክሽን ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንዳንዱን ይይዛል፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለውን ግን ተራ ጽሑፍ ስለሚመስለው አይመረምረውም። ስሕተቱ የሚታየው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ያ ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ በተላከ ቀን ነው። ከሁሉም የከፋው አዲሱ ስም እዚያው ፈንክሽን ውስጥ ቀድሞ ሲኖር ነው። ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች አንድ ይሆናሉ። እንደ ፓይተን ቫሪያብልን አስቀድሞ ማወጅ በማያስፈልግበት ቋንቋ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይሄዳል፤ የሚወጣው ቁጥር ብቻ የተሳሳተ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የተሠራ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ በብዙ ኤዲተሮች «ሪኔም ሲምቦል» ይባላል። በቪኤስ ኮድ ከርሰሩን ስሙ ላይ አድርጎ ኤፍ 2ን መጫን ነው። ይህ ትእዛዝ ፊደል አያሳድድም፤ ስሙ የት እንደተፈጠረና ያንኑ የሚጠቅሱት የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቃል። መላሹ ከኤዲተሩ ጀርባ የሚሠራ ላንጉጅ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ኩባንያዎች ጋር በ2016 ይፋ ያደረገው የመገናኛ ደንብ ከመምጣቱ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ኤዲተርና ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ማገናኛ ይሠራ ነበር፤ 10 ኤዲተርና 20 ቋንቋ ቢኖር 200 ሥራ ማለት ነው። አሁን ለእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 30 ይበቃል። ከቪአይ የወረደው የቪም ዘር ኒዮቪም በ2021 በ0.5 ስሪቱ፣ ኢማክስም በ2023 በ29ኛ ስሪቱ በዚህ ደንብ የሚነጋገር ክፍል አብሮ የተሠራላቸው ሆነዋል። ያው አንድ ሰርቨር ለሁሉም የሚመልስ ከሆነ የኤዲተር ምርጫ የቀድሞው ክብደት የለውም።

ይሁንና ሰርቨሩም ወሰን አለው። በጥቅስ ውስጥ ያለ ስም፣ በጄሰን (የዳታ ማስቀመጫ) ፋይል ውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በኤችቲኤምኤል ቴምፕሌት (የድረ ገጽ ንድፍ) ውስጥ የተጠራ ፊልድ፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ከጽሑፍ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚጠራ ፈንክሽን ብዙውን ጊዜ አይታየውም። በሲ ቋንቋ «ኢፍዴፍ» በሚባለው የሁኔታ ትእዛዝ ታጥሮ ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ኮድ፣ ሊኑክስ ላይ ለሚሠራው ሰርቨር እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ስም የሚቀይር ሰው መጀመሪያ በእጁ ያለውን ለውጥ ኮሚት አድርጎ (የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት መዝግቦ) ንጹሕ መነሻ ይያዝ። ፕሮጀክቱ ገና ከተከፈተ ሰርቨሩ ፋይሎቹን አንብቦ እስኪጨርስ ይጠብቅ፤ በመሃል ከታዘዘ መልሱ ጎደሎ ሊሆን ይችላል፣ ጎደሎ መሆኑንም ላይናገር ይችላል። አዲሱ ስም ቀድሞ አለመኖሩን በፍለጋ ያረጋግጥ፣ ስሙን ይቀይር፣ የተነኩትን ፋይሎች ሁሉ ሴቭ ያድርግ። ሴቭ ማድረግ ቀላል ቢመስልም የሚዘነጋው እሱ ነው። ኒዮቪም ለምሳሌ ለውጡን በሜሞሪ ይዞ ይቆያል፤ በዚህ መሃል በሌላ ተርሚናል ቴስት ቢካሄድ የሚነበበው ዲስክ ላይ ያለው፣ ምናልባትም ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነው ኮድ ነው። በመጨረሻ አሮጌውን ስም በተራ ፍለጋ በመላው ፕሮጀክት መፈለግ ነው። ፊደል ብቻ የሚያየው መሣሪያ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ያልደረሰባቸውን ጥቅሶችና ቴምፕሌቶች አውጥቶ ያሳያል። የተገኘው እያንዳንዱ ለምን እንደቀረ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያት ያጣው ያመለጠ ነው።

ብዙ ሰው ኤዲተር መማር የሚጀምረው ከመተየቢያ ዘዴዎች ነው። እኔ ከማንበቢያዎቹ ይጀመር ባይ ነኝ፤ አንድ መስመር ለመቀየር ብዙ መስመር ማንበብ ግድ ነውና። በቪኤስ ኮድ ኤፍ 12 ስሙ ወደተፈጠረበት ይወስዳል፤ ሺፍት ከኤፍ 12 ጋር የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ይዘረዝራል። አብዛኛው ሰው ይህን ያህል ያውቃል። የማያውቀው መመለሻውን ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ባለው ቪኤስ ኮድ አልት ከግራ ቀስት ጋር፣ በቪም ኮንትሮልና ኦ፣ በኢማክስ አልትና ኮማ። መመለሻውን ያላወቀ ሰው አራት ፈንክሽን ጠልቆ ከገባ በኋላ የተነሳበት ቦታ ይጠፋበታል፣ ፋይሉን እንደ አዲስ ይከፍታል፣ ከዚያም ሃያ ታብ መሃል ይዳክራል። ላንጉጅ ሰርቨር መጫን በማይቻልበት ሩቅ ማሽን ላይ ደግሞ የቆየው ሲታግስ የሚባል መሣሪያ አሁንም ያገለግላል። የሚያነበው ግን ቀደም ብሎ የተዘጋጀ የስሞች ማውጫ ስለሆነ ኮዱ ተለውጦ ማውጫው ካልታደሰ ወደተሳሳተ ቦታ ይወስዳል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፈንክሽኖች ካሉም የትኛው እንደተፈለገ በእርግጠኝነት አይለይም።

ስንተይብ የሚመጣውን ጥቆማም በዚሁ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ነጥብ ስንጽፍ የሚወርደው ዝርዝር ከላንጉጅ ሰርቨሩ የመጣ ከሆነ ሰርቨሩ ኮዱን አንብቦ ያገኛቸው ስሞች ናቸው። ቪኤስ ኮድ የሚያማክረው ሰርቨር ሲያጣ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ያገኛቸውን ቃላት እንዲሁ ይደረድራል፤ በጎናቸው የሚታየው የ«ኤቢሲ» ምልክት ይለያቸዋል። በደብዛዛ ግራጫ የሚታየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቆማ ግን ግምት ነው። ብዙ ጊዜ ጥሩ ግምት ነው፤ ሆኖም በሌላ የላይብረሪው (የተዘጋጀው የኮድ ስብስብ) ስሪት የነበረን ወይም ከናካቴው ያልነበረን ፈንክሽን ልክ እንዳለ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ጥቆማውን ከተቀበሉ በኋላ በእያንዳንዱ አዲስ ስም ላይ ኤፍ 12ን መጫን ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል። ስሙ የትም ካልወሰደ ያ መስመር በእጅ ሳይመረመር መቀጠል የለበትም።

ፊደል የሚያዩትን መሣሪያዎች እንጣላቸው ማለቴ አይደለም። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው 60 መስመሮች ሲኖሩ ከነሱ የሚቀድም የለም። በቪኤስ ኮድ ኮንትሮልና ዲ የተመረጠውን ቃል ቀጣይ ቦታ እያሳየ አንድ በአንድ ከርሰር ይጨምራል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል በፋይሉ ያሉትን ሁሉ በአንዴ ይይዛል። ሁለተኛው ፈጣን ቢሆንም የማይታዩ ከርሰሮችን ይፈጥራል፤ ከስክሪኑ በታች በ400ኛው መስመር ላይ ምን እየተጻፈ እንደሆነ ሳይታይ ይተየባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ። በቪም የመተካት ትእዛዝ መጨረሻ ላይ «ሲ» የምትለዋን ፊደል መጨመር በየቦታው «ልተካ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ማክሮ (ተቀርጾ የሚደጋገም የቁልፍ ጭነት) ሲቀረጽ ደግሞ ዋናው ነገር ጅማሬና ፍጻሜው ነው። በቅድሚያ ወደ መስመሩ መጀመሪያ መሄድ፣ በመስመሩ ውስጥ ቀስት እየቆጠሩ ሳይሆን በቃል ወይም በምልክት ፍለጋ መንቀሳቀስ፣ ሲያበቃ ከርሰሩን ቀጣዩ መስመር ላይ ማድረስ። አምስት ጊዜ ቀኝ ቀስት በመጫን የተቀረጸ ማክሮ የመጀመሪያው ቃል ባለ ስድስት ፊደል የሆነበት መስመር ላይ ሲደርስ የማይሆን ቦታ ይቆርጣል። በፍለጋ የተቀረጸው ግን ምልክቱን መስመሩ ላይ ሲያጣ በቪም ይቆማል፤ መቆሙ ጥበቃ ነው። በሦስት መስመር ላይ አስኬዶ ውጤቱን ማየት፣ ከዚያ ቀሪውን መልቀቅ።

ከፊደሉ በታች ደግሞ ዓይን የማያየው ባይት አለ። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ የባሽ ስክሪፕት (የሊኑክስ ትእዛዞች ዝርዝር) መስመሮቹ በሁለት ባይት ያበቃሉ፤ ሊኑክስ ሁለተኛውን ብቻ ነው የመስመር መጨረሻ የሚለው። የቀረው አንድ ባይት በመጀመሪያው መስመር ላይ ካለው ስክሪፕቱን የሚያስኬደው የኢንተርፕሬተር ስም ጋር ይጣበቅና ሲስተሙ በዚያ ስም የተጠራ ፕሮግራም የለም ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን በቦታው አለ። በፋይሉ ራስ ላይ የሚቀመጡት የዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ስልት) መለያ ሦስት ባይቶችም ይህንኑ መስመር ያሰናክላሉ። ፕሮግራም እንዴት እንደሚገነባ በሚዘረዝረው ሜክፋይል ውስጥ የትእዛዝ መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ ኤዲተሩ ታብን ወደ ስፔስ እንዲቀይር ተደርጎ ከሆነ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» የሚል መልእክት ይመጣል፣ በዓይን ግን ምንም የተለወጠ አይመስልም። በ2021 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጽሑፍ አቅጣጫ የሚቀይሩ የማይታዩ ምልክቶችን ኮድ ውስጥ በማስገባት ሰው የሚያነበውና ኮምፓይለሩ የሚያነበው እንዲለያዩ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ኤዲተሩ ለማይታዩ ምልክቶች የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ስክሪኑን አጣበበ ብሎ ማጥፋት ስሕተት ነው።

ለዚህ ሁሉ ከቡድን ስብሰባ የሚሻለው ኤዲተርኮንፊግ የሚባለው ትንሽ ፋይል ነው። በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ተቀምጦ ታብ ወይም ስፔስ፣ የመስመር አጨራረስ፣ ፊደላት በባይት የሚጻፉበትን ስልትና የመሳሰሉትን ይወስናል። ኒዮቪም ከ0.9 ስሪቱ ጀምሮ በራሱ ያነበዋል፤ ቪኤስ ኮድ ኤክስቴንሽን ይፈልጋል። ለሜክፋይል ለብቻው ታብ ማለት ያስፈልጋል። በመስመር መጨረሻ ያለ ስፔስ ይጥረግ የሚለው ደንብም ሁለት ቦታ ላይ መጥፋት አለበት፦ በማርክዳውን (ቀላል የጽሑፍ ማስዋቢያ ቋንቋ) ሁለት ስፔስ መስመር ይሰብራል፣ የኮድ ለውጥ በሚዘግብ ፓች ፋይል ደግሞ ባዶ የሚመስል መስመር የያዛት አንዲት ስፔስ የፋይሉ አካል ናት።

ሴቭ ሲደረግ ኮዱን በራሱ የሚያስተካክለው ፎርማተር ሰዋስው ከሚያዩት ወገን ነው። በአዲስ ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ቀን ይብራ። በቆየ ፕሮጀክት ግን አንድ ሰው ብቻውን ሲያበራው ሦስት መስመር ለማረም የከፈተው ፋይል በዲፍ (አሮጌውንና አዲሱን በሚያነጻጽረው ማሳያ) ላይ 900 መስመር የተለወጠበት ሆኖ ይወጣል፤ ገምጋሚው ሦስቱን ከዚያ መሃል ሊያገኛቸው አይችልም። ቪኤስ ኮድ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ ፎርማት የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ ለቆየ ኮድ የሚሆነው እሱ ነው። ቡድኑ ሁሉንም ፋይል ለማስተካከል ከተስማማ ደግሞ ለብቻው በሆነ ኮሚት ይደረግ። ጊት ከ2.23 ስሪቱ፣ ከ2019 ጀምሮ፣ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ሲያሳይ የተመረጡ ኮሚቶችን እንዲዘል ማድረግ ይቻላል፤ የነዚያ ኮሚቶች መለያ በአንድ ፋይል ይዘረዘርና ለጊት ይጠቆማል። ይህ የሚጠቅመው ግን ኮሚቱ ቅርጽን ብቻ የነካ ሲሆን ነው። እግረ መንገድ የታረመ አንድ የሎጂክ መስመር ከተቀላቀለበት፣ ቆይቶ ስሕተት የሚያሳድደው ሰው ያንን መስመር ማን ለምን እንደቀየረው ሲፈልግ ጊት እሱንም ዘሎ ወደ ቀድሞው ጸሐፊ ይጠቁመዋል።