ለነፃ አገልግሎት የቀረበ ምስጋና

በዚህች ከተማ ቸር ሰው ጠፋ የምትሉ ሁሉ እኛ ኮንዶሚኒየም መጥታችሁ እደሩ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ሲሻው ነው፣ ድምፅ ግን አንድም ቀን ተቋርጦብን አያውቅም። ቆጣሪ የለው፣ ወረፋ የለው፣ መታወቂያ አምጡ የለው። አራስ ሳይል አዛውንት፣ ተከራይ ሳይል ባለቤት፣ ለሁሉም እኩል ይታደላል።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች የመንገድ መብራት ሲያዩ ልባቸው የሚሞቀው በዚሁ ነው። አንዱ ስላየበት ለሌላው አይቀንስም፤ አልከፈልክም ተብሎ ጨለማ የሚሸኝም የለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፖል ሳሙኤልሰን ይህን ለሁሉም እኩል የሚዳረስ ነገር በፈረንጆቹ 1954 በቀመር ሲያስቀምጥ ከኛ ሕንፃ ሥር ያለውን የጫማ ሱቅ ሞንታርቦ አለማየቱ ያሳዝናል። መብራቱን እንኳ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ያመልጠዋል። ጆሮ ክዳን የለውም።

ይህን ምስጋና ያጻፈኝ ግን ሰሞኑን ደጃችን ላይ ሥራ የጀመረው የአይጥ መድኃኒት ሻጭ ነው። ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ደጅ አለ። "የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ መድኃኒት!" ድሮ ቁራሌው የሚጮኸው በገዛ ጉሮሮው ነበር። ሲደክመው ያርፋል፣ ሲጠማው ዝም ይላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄዳል። የዘንድሮው ነጋዴ ድምፁን አንዴ ይቀዳና ሜጋፎኑን ምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ ራሱ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱ ላስቲክ ላይ ተዘርግቷል፣ ሻጭ የለም፣ ገዥም የለም፣ ሜጋፎኑ ግን ሥራ ላይ ነው። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ባትሪው መድከም ይጀምራል። ያን ጊዜ ጠዋት ሲቀላጠፍ የነበረው የጎረምሳ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ "የ… ትኋ… ን…" ሲል ኑዛዜውን ሳይጨርስ የደከመ ሽማግሌ ይመስላል። ሰፈርተኛው በረንዳ ላይ ይወጣል። "አሁንስ አለቀለት" ይባላል። ተስፋ የሚባል ነገር ፊታችን ላይ ሲነበብ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልጅ ባትሪ ቀይሮለት ይሰወራል። የጎረቤቴ ሕፃን ከሀ ሁ በፊት "ትኋን" ማለት ለመደች። አይጦቹ በበኩላቸው አልሞቱም። ቢያንስ ግን ምን ሊገድላቸው እንደታሰበ፣ በምን ዋጋ፣ ከነአጠቃቀሙ በቃላቸው ያውቃሉ።

"ተደራደር" ይሉኛል የተማሩ ወዳጆቼ። ለንደን ውስጥ በፈረንጆቹ 1879 የተፈረደ አንድ ክርክር ይጠቅሱልኛል። ጣፋጭ ሠሪው ሙቀጫውን ሲወቅጥ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ምርመራ ክፍል የሠራው ሐኪም የበሽተኛውን ደረት ማዳመጥ አቃተው። ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ ፈረደ። ሌላው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮናልድ ኮዝ ደግሞ በ1960 ነገሩን አንሥቶ፣ መደራደር ወጪና ድካም ባይኖረው ፍርዱ ለማንም ቢሆን ሁለቱ ሰዎች የሚሻለውን ራሳቸው ይስማሙ ነበር አለ። መልካም። እኔም ወረድኩና ከሜጋፎኑ ጋር ተደራደርኩ። አቋሙን አልለወጠም።

ነገሩ ሐኪሙ አንድ፣ ጣፋጭ ሠሪውም አንድ ነበሩ። የኛ ጥቅም የአንድ ሰው ነው፤ ጉዳቱ ግን ለመቶ ቤት ተሸንሽኖ ለየሰው ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። ለትንሽ ነገር ደግሞ ማን ይጣላል? ሁሉም ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። በሕንፃው ስብሰባ ላይ ባነሣው "አንተ ጀምረው፣ እኛ ከኋላህ አለን" አሉኝ። ዞር ብዬ ባይ ከኋላዬ ያለው ግድግዳው ነው።

ሕግ የለም እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ 60 ገደማ ስለሚደርሱ፣ እኛ ሰፈር ሕግ የሚጥሱት ቡና እየጠጡ የሚያወሩት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሞንታርቦው ዘንድ ያለውን ቁጥር የሚለካ ሰው ቢመጣ እንኳ፣ ውጤቱን ጮክ ብሎ መናገር አለበት።

ለሌሎቹ ለጋሾችም ምስጋናዬ ይድረስ። ታክሲ ውስጥ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ እያየ ሳቁን ለሚያካፍለን ወንድም፣ ለልጁ ምረቃ መንገድ ዘግቶ ድንኳን ለሚተክለው አባት፣ እሑድ ጠዋት ግድግዳ ለሚሰረስረው ጎረቤት። በቤተ እምነት በር የተሰቀለውን ሞንታርቦ አላነሣም፤ ዓምደኛ ነኝ እንጂ ሰማዕት አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ ልበል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ የምትመጣ ነርስ አለች። ቀን ካልተኛች ማታ መርፌ ይዛ የምትቆመው በሰው አልጋ አጠገብ ነው። ባለፈው ደግሞ እዚያው ደረጃ ላይ ለቅሶ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት እናት ወርደው የጫማ ሱቁን ልጅ "የኔ ልጅ፣ ሬሳ እስኪወጣ እንኳ ቀንስልን" አሉት። "እማማ፣ እኔም እንጀራዬ ነው" አላቸው። እንጀራ! የታማሚ እንቅልፍና የሐዘንተኛ እንባ እየረገጡ የሚበላው ከመቼ ወዲህ ነው እንጀራ የሆነው? ይሄ ንቀት ነው። እዚያ ቆመን ሰምተን ዝም ያልነውም አብረን ንቀናቸዋል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። መካሪ አልጠፋም። መስኮት ዝጋ፣ ጥጥ ጨምርበት፣ ድርብ መስታወት አስገጥም ይሉኛል። ጋሻው እንግዲህ ይሸጣል ማለት ነው፤ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ጥጥ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ የጫማ ሱቁ ባለቤት ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ቅጠል ሲወድቅ የሚሰማበት ሰፈር፣ ረጅም አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ራስን መካድ የት ይገኛል? ቀኑን ሙሉ ለኛ ከሚያዘንቡት ስጦታ ለራሳቸው አንዲት ጠብታ አላስቀሩም።

ይህ ደግሞ ሰፈራችንን ከነከነው። ለአቤቱታ አንድ ፊርማ ያልተገኘበት ሕንፃ ለሜጋፎን መግዣ መዋጮው በአንድ ምሽት ሞላ። የምስጋና ቃሉ ተቀድቷል፤ "የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃናት ጫማ" የሚለውንም አልዘለልንም። የሚሰቀለው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ትይዩ ባለው ምሰሶ ላይ ነው። ባትሪ የመቀየሩን ኃላፊነት ነርሷ ወስዳለች፤ የሌሊት ተረኝነት ለምዳዋለች።