የዘመቱት መምህር በትምህርት ቤታቸው ይታወሱ

በየዓመቱ የመምህራን ቀን ሲከበር ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሙያው ክብር ይነገራል። የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ሲደርሱ ደግሞ የጀግኖች ገድል ይዘከራል። በሁለቱም ቀን ስማቸው የማይነሣ ሰዎች አሉ፤ ከክፍል ወጥተው ወደ ግንባር የሄዱና ያልተመለሱ መምህራን። በጀግኖች ቀን በጅምላ ከሠራዊቱ ጋር ይቆጠራሉ። በመምህራን ቀን ግን የሉም፤ ሲሞቱ መምህር አልነበሩምና። ትምህርት ቤት የራሱን ሰው እንዲህ አሳልፎ መስጠቱ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

በስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህር በ1991 የትምህርት ዘመን አጋማሽ ላይ ተመዝግበው ዘመቱ። ባድመ ከተያዘችበት ከግንቦት 1990 ጀምሮ በየቤቱ ወሬው ሁሉ ጦርነት ነበር። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን መቀሌ የሚገኘው የአይደር ትምህርት ቤት ከአየር ተደበደበ፤ ልጆች ሞቱ፣ ሊያነሧቸው የሮጡ ሰዎችም ሞቱ። መምህራችን ስለዚህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ልጆቹ እንደ እናንተው ደብተራቸውን ይዘው ከቤት የወጡ ናቸው» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ለመዝመታቸው ምክንያቱ ይህ ይሁን ሌላ አልነገሩንም፤ እኔም በእሳቸው ስም ምክንያት መፍጠር አልፈልግም።

የምናገረው ስለማውቀው ነው፤ ስለ እርማታቸው። የተሳሳተ መልስ ላይ የኤክስ ምልክት አድርገው አያውቁም። ስሌቱ አሥር መስመር የፈጀ ቢሆን ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን መስመር ያነባሉ። ስሕተቱ የጀመረበት ቦታ ሲደርሱ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩና በኅዳጉ ላይ «እስከዚህ ልክ ነህ» ብለው ይጽፋሉ፤ ለሴቶቹም «ልክ ነሽ»። ከዚያ በታች ያለውን አይነኩትም፤ ተማሪው ራሱ ከዚያች መስመር ተነሥቶ እንደገና ይሠራዋል። አንድ ጓደኛችን መልሱ ጠፍቶበት ጥያቄውን ብቻ ገልብጦ ቢሰጣቸው፣ ከጥያቄው ሥር ያንኑ «እስከዚህ ልክ ነህ» ጽፈውለት መለሱለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ አስረክቦ አያውቅም። በዚያን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ በላይ ሆነን፣ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ተጣብበን ነበር የምንቀመጠው። የሰባ ልጅ ደብተር መስመር በመስመር ማንበብ ስንት ሌሊት እንደሚወስድ የገባኝ እኔ ራሴ ከጎለመስኩ በኋላ ነው።

የሄዱት የክበብን ምዕራፍ ጀምረው ሳይጨርሱ ነበር። ክፍለ ጊዜያቸውን ሁለት መምህራን ተካፈሉት። አንዱ የራሳቸው ጫና ስለነበረባቸው ብዙ ጊዜ ይቀሩ ነበር፤ ሌላው የሂሳብ ሰው አልነበሩም። ሚኒስትሪ ስንፈተን ያ ምዕራፍ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ከወደቁት ልጆች መካከል በእሳቸው እጅ ቢቆዩ ኖሮ የሚያልፉ እንደነበሩ አልጠራጠርም። በጦርነት የሞተ ሰው ሲቆጠር እንዲህ ያለው ጉዳት የትም አይመዘገብም።

ተኩስ እንዲቆም የተፈረመው ሰኔ 11 ቀን 1992 ነው፤ የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993። ዘማች የተመለሰለት ቤት እልልታውን ሲያቀልጠው የመምህራችን እናት ዓይናቸውን ከበር ሳይነቅሉ ከረሙ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በለቅሶው ላይ ስለ ጀግንነታቸው ተነገረ፤ ይገባቸዋል። በግጥም የሚያስለቅሱት ሴትም ያነሡት ጠመንጃና ግንባር ነበር። ስለ መምህርነታቸው ግን የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማውን ዝቅ አድርጎ የኅሊና ጸሎት አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ያደረገው ነገር የለም። ዛሬ እዚያ የሚማር ልጅ እንዲህ ያሉ መምህር እንደነበሩት አያውቅም።

መምህራንና የተማሩ ሰዎች በጦርነት ሲያልቁ አገር ምን እንደምትሆን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ገደለ። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ የሚያስተምር ሰው ግን አልተገኘም። ክፍተቱን ለመሙላት ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ፣ በኋላም በብዛት ከሕንድ መምህራን ማምጣት ግድ ሆነ፤ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትንም የካናዳ ኢየሱሳውያን እንዲመሩት ተደረገ። መጥተው ያስተማሩት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በቦታው መቆም የነበረባቸው ሰዎች በጥይትና በገመድ አልቀው እንደነበር ስናስታውስ፣ የአንድ መምህር ሞት ለትውልድ የሚተርፍ ጉድለት መሆኑን መካድ አይቻልም።

«የዘመቱት በፈቃዳቸው ነው፣ የሞቱትም ወታደር ሆነው ነው፣ ስለዚህ ወታደር ተብለው ይታወሱ» የሚሉኝ አሉ። ወታደርነታቸውን ማንም አይነጥቃቸውም፤ ከጓዶቻቸው ጋር መታወስም ክብር ነው። ነገር ግን መለዮ ለብሰው የቆዩት ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሲሆን፣ በጠመኔ አቧራ ውስጥ የኖሩት ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስታውሳቸው በተኩስ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹ ከመምህራቸው የሚወርሱት ሞታቸውን ብቻ ይሆናል። እንዲያውም የሟች መምህር ፎቶግራፍ ሌላ ወጣት ለማዝመቻ ሲያገለግል አይቻለሁ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ልጆች ክፍል ውስጥ እንዲቀሩ ሲደክም የኖረን ሰው ስም ከክፍል ለማስወጫ መጠቀም በደል ነው።

ይህ ጉዳይ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቸኩልም ነበር። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት በቆየው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ርቀዋል፤ ከየወገኑ የተሰለፉ መምህራንም ወድቀዋል። ስለዚያ ጦርነት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ገና ብዙ እንከራከራለን፤ መከራከርም ይገባናል። መታሰቢያ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ያ ክርክር አብሮ ይመጣል፤ አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ጠላት ይለዋል። መምህርነቱ ላይ ግን ክርክር የለም። መቀሌም ሆነ ወልድያ፣ ዐዲግራትም ሆነ ጎንደር፣ ልጅን ክፍልፋይ ያስተማረ ሰው ክፍልፋይ አስተምሯል። የአንዱ ወገን ተማሪ የሌላውን ወገን መምህር ታሪክ ሳይቆጣ ማንበብ የሚችልበት መንገድ ካለ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም ይህን አያደርግልንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዘምተው ላልተመለሱ መምህራኑ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ገጽ ይጻፍላቸው፤ ምን እንዳስተማሩ፣ እንዴት እንዳስተማሩ፣ የትኛውን ምዕራፍ ሳይጨርሱ እንደሄዱ። «ለአገራቸው ሲሉ ውድ ሕይወታቸውን የሠዉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንንም ከማንም አይለይም። እርማታቸውን፣ ቁጣቸውን፣ ሲያስረዱ የሚሰጡትን ምሳሌ የሚያውቁት ተማሪዎቻቸው ናቸው። በ1991 የአሥራ አራት ዓመት ልጆች የነበርነው ዛሬ አርባውን ዓመት አልፈናል፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹም አልፈዋል። ከ1941 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየወረዳው መዋቅር አለው፤ ይህን ሥራ ማስተባበር ከማንም በላይ ለእሱ የሚቀርብ ይመስለኛል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የመምህራኑን የግል ማኅደር ይዘዋል። የትምህርት ቤቶች መዝገብ ክፍል ውስጥ ደግሞ እነዚያ ሰዎች በገዛ እጃቸው ውጤት የሞሉባቸው ሮስተሮች ይገኛሉ።

ሮስተሮቹ ግን ዘላለም አይቆዩም። መዝገብ ክፍል ሲጠብብ መጀመሪያ የሚወገደው አሮጌ ወረቀት ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ክረምት ሲሆን ለመስከረም ይጸዳሉ፣ ጣሪያቸውም የሚያፈስ ብዙ ነው። የድሮ ተማሪዎች ለርእሰ መምህራን ደብዳቤ ጽፈን የእነዚያ ዓመታት ዶሴዎች እንዳይጣሉ መጠየቅ እንችላለን። እኔ ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ጽፌያለሁ።